አባቴ አሰብ ላይ ያዩት ፈረስ

እኛ ቤት ውሸት የራሱ ስም ነበረው፤ ፈረስ ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ ብሎ ሲገባ እናቴ ካርዱን ሳትቀበል «ፈረሱን ደጅ አስረህ ግባ» ትለው ነበር። ሰኞ ገበያ አንዱ ማር ሻጭ ስኳር የሚባል ነገር አልነካውም ብሎ ሲምልላት ወደ እኔ ዞር ትልና «ጋለበ» ትላለች። ሰውየው ምን እንደተባለ ሳይገባው እኛ እየሳቅን እንሄዳለን። ነገሩ ከቤታችን ወጥቶ ሠፈሩን አዳረሰ። በመጨረሻ ስለ እውነተኛ ፈረስ ማውራት የፈለገ ሰው «የጋሪውን ማለቴ ነው» ብሎ ማስረዳት ነበረበት።

የዚህ ሁሉ መነሻ አባቴ ናቸው። የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዱ ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ መካ ሲሄዱ ከአውሮፕላን መስኮት ካዩት በቀር፣ በሠፈራችን ባሕር ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ገና ሳልወለድ አንድ ጊዜ አሰብ ላይ የመጫኛ ተራ ሲጠብቁ ቀናት አለፉ። ሥራ ፈትተው ባሕሩ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጠራቸውና የወተት ጣሳ አሳያቸው። ጣሳው ውስጥ ጣት የሚያክል ፍጥረት አለ፤ ራሱ የፈረስ፣ ጅራቱ የጦጣ፣ ሆዱ የእርጉዝ። «ይሄ ወንዱ ነው» አለ አጥማጁ። አባቴ ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ያ ፍጥረት እጥፍ ዘርጋ፣ እጥፍ ዘርጋ አለና የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ከሆዱ ይረጭ ጀመር፤ ሁሉም ትንንሽ ፈረሶች። አባቴ ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ቢከቱ የወለደው አባት ጅራቱን ጠምጥሞ ያዛቸው። «ሕፃን ልጅ ጣትሽን ሲይዝሽ ያለ ነው፤ አይለቅም» ይሉ ነበር ሲነግሩን። አጥማጁ ግን ብዙ አላቆየውም፤ ጣሳውን ከነልጆቹ ውኃው ውስጥ ሣር ወደበቀለበት ወስዶ ደፋው።

ደሴ ተመልሰው ይህን ሲናገሩ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው። «በዚያ ፀሐይ ኮፍያህን አድርግ ብዬህ አልነበር?»

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ አልቀረም። በእኛ ሠፈር ልጁን የሚድር ሰው ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ የሚመረጠው በሀብቱ ወይም በጢሙ ርዝመት አይደለም፣ በቃሉ ነው። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም» ሲል የሰው ቤት የሚያምነው መሆን አለበት። መራጩ ደግሞ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩት ሐጂ ናቸው፤ እሳቸው ያልመረጡት ሽማግሌ ከሠፈራችን ወጥቶ አያውቅም። አባቴ መንገዱ ተዘግቶ መሪውን ከለቀቁ ጀምሮ ምኞታቸው ይህ ብቻ ሆነ። ነጭ ጋቢ አሠርተው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። የሠርግ ወራት ሲደርስ ጋቢው ይወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሌላ ሰው ይመረጣል፣ ጋቢው ተጣጥፎ ይመለሳል።

አንድ ዓመት አባቴ ደፍረው ጠየቁ። ሐጂ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ብዙ አስበው እንዲህ አሏቸው፦ «ወንድሜ፣ እዚያ ደርሰህ ስለ ልጁ ጨዋነት ከተናገርክ በኋላ ስለዚያ ስለ ፈረሱ ቢጠይቁህ ምን ልትል ነው?»

«ያየሁትን ነዋ» አሉ አባቴ።

«እሱን ነው የምፈራው» አሉ ሐጂ።

ፈረሱን ቀብሬ አፈር ያለበስኩት ግን እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ደሴ የመጣሁ ሰሞን፣ ጁምዓ ሰግደው የተመለሱት ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሐጂ ጠሩኝ። አሁን ሳስበው ለአባቴ አንድ ዕድል ሊሰጧቸው ነበር። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይሄን ነገር እስቲ ለይልን። ወንድ የሚወልድ ዓሣ አለ?» አሉኝ። እኔ የተማርኩት አንድ መንፈቅ ነው። በዚያ መንፈቅ ስለ ዓሣ የሰማሁት ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው፤ ከሁለቱም ግማሹን አንቀላፍቻለሁ። ቢሆንም ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩና «ዓሣ እንቁላል ይጥላል፣ የምትጥለውም ሴቷ ናት። የወንድ እርግዝና ሳይንስ አያውቀውም» አልኩ። ሳይንስ ራሱ ደብዳቤ አስይዞ የላከኝ ነበር የምመስለው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም፣ ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያን ቀን በኋላ ታሪኩን አንድም ጊዜ አላወሩትም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ኮምቦልቻ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ። ባለፈው ዓመት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ሳለ አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ባሕሩ ቢሞቅስ እኛን ምን አገባን? ባሕር የለንም» አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ነገ እነግርሻለሁ አልኳት፤ አስተማሪ ሲጨንቀው የሚለው ነው። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ሳምቡሳ ይዤ፣ በሌላው ስልኬ ላይ ሙቀት የሚጎዳቸውን የባሕር እንስሳት ስፈልግ አንዱ ብቅ አለ። ራሱ የፈረስ ነው። ጅራቱ የጦጣ ነው።

ሳምቡሳውን አስቀመጥኩት። ስሙን አነበብኩ፤ የባሕር ፈረስ ይለዋል። ከታች ያለውን አነበብኩ። ሴቷ እንቁላሏን ወንዱ ሆድ ላይ ካለው ከረጢት ውስጥ ታስቀምጣለች፣ እሱ ተሸክሞ ያሳድጋል፣ ቀኑ ሲደርስ እያማጠ ይወልዳል። ሳይንስ ይህን ካወቀው ቆይቷል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በታች ስለ ሙቀቱ ብዙ ተጽፏል። የባሕር ፈረስ ዋና የማይሆንለት ዓሣ ነው፤ ጅራቱን የባሕር ሣር ላይ ጠምጥሞ ነው የሚኖረው። ባሕሩ ሲሞቅ ሣሩ ይሞታል፣ የሚይዘው ሲያጣ ማዕበሉ እንደ ገለባ ይወስደዋል። እርጉዙን አባት ደግሞ ሙቀቱ ያጣድፈዋል። ልጆቹ ከቀናቸው ቀድመው ይመጣሉ፤ ትንፋሽ አብዝቶ በሚሻበት ሰዓት የሞቀው ውኃ አየር ያጥረዋል። እኛ ኮምቦልቻ ሲግልብን ሚኒባስ ይዘን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እንወጣና ደሴ ብርድ ውስጥ እንገባለን። እሱ የሚወጣው ሐረጎ የለውም። ይህን ሁሉ በማግስቱ ለተማሪዎቼ አስተማርኩ፤ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር። እውነቱን ልናገርና ለባሕሩ አላዘንኩም። እያስተማርኩ ሳለ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳላፍር አባቴን እንዴት አድርጌ ነው ነፃ የማወጣቸው?

መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ ነው። ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ ማድ ቤት ውስጥ ስልኩን አሳየኋት። ወንዱ ሲያምጥ፣ ልጆቹ ሲረጩ አየች። አንዴ አየችና «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«እና ይሄ ሰውዬ እንደሚቻል እያወቀ ነው ሰባቱንም ልጅ መውለድ ለእኔ የተወልኝ?» አለች።

ከዚያ ግን ተቀምጣ አሰበች። አርባ ዓመት ሙሉ የሳቀችበት ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ቀላል ኪሳራ አይደለም፣ ቢሆንም እናቴ ፍርድ አታጓድልም። «ሐጂ የመጨረሻ ልጁን ሊድር ነው፤ ልጅቷ ኮምቦልቻ ናት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌ ይመርጣል ይባላል። ከዚህ ልጅ በኋላ የሚድረው የለውም። አባትሽ ዛሬ ጠዋት ጋቢውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል።»

አርብ ዕለት ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ስልኩን በሐጂና በአባቴ መካከል አስቀምጬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። አባቴ መነጽራቸውን ለማውጣት ጊዜ አላገኙም፤ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሊነኩት ደረሱ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ይሄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወላሂ ይሄ ነው።»

ሐጂ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ በሐዘኔታ ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ድመት ፒያሳ ላይ ባጃጅ ስትነዳ በዚሁ ስልክ አሳይታኛለች። ድመቷ መነጽር አድርጋለች። ባጃጁ ታርጋ ሁሉ ነበረው። ኮምፒዩተር ነው የሠራው አለችኝ። ይሄስ?»

«ይሄ እውነተኛ ነው ሐጂ፤ አጥንተው የጻፉት ነው።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ሳይንስ አያውቀውም ያልሽን?»

እዚህ ላይ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ይገባኝ ነበር። ሁለት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩና የወጣው «ሳይንስ እኮ ይሻሻላል» የሚል ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው «ተሻሽሎ ሲያልቅ ጥሪን» አለኝ፤ ሌላኛው ግን መውጫ ሰጠኝ። «በእጃችን እንያዘው። ደርቆም ቢሆን ይምጣና እንየው፣ ያን ጊዜ እናምናለን» አለ። ሐጂም «በሚቀጥለው አርብ ሽማግሌ እመርጣለሁ፤ እስከዚያ ካመጣሽው መልካም» አሉ።

የጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር አለ፤ መኪና ያስተማሩት አባቴ ናቸው፣ አሁን ራሱም ሽበት ጀምሮታል። ያኔውኑ ደወልኩለት። ሊወርድ ነበርና «አብሽሪ፣ የጋሼ ጉዳይ የእኔም ጉዳይ ነው» አለኝ። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ኮምቦልቻ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ ሻይ ቤት ተገናኘን። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ስፈታው ሰማያዊ የፕላስቲክ የባሕር ፈረስ ነው፤ ሆዱ ሲጫን ይበራል፤ ከሥሩ የቁልፍ ቀለበት ተንጠልጥሎበታል።

«ያገኘሁት ይሄን ብቻ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ወደቡ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ፈልጎ አግኝቶ ጠይቆ ነበር። አጥማጁ «ዱሮ ዳር ዳሩን ሣሩ ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ውኃው ሰው ሊታጠብበት እንዳሞቀው ሆኗል፣ ሣሩም አልቋል፣ እኔም ካየሁ ዓመታት አለፉ» ብሎታል። «አንድ የመጨረሻ ነገር ነገረኝ» አለ ሾፌሩ፤ «እንዲህ ያለ ዓሣ ነበር ስላቸው ልጆቼ ትዋሻለህ ይሉኛል አለኝ።»

ሻዬ ቀዘቀዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ሌላ ለሆነ ነገር ደነገጥኩ። የማላውቀው ሰው፣ ባላየሁት ባሕር ዳር፣ አባቴን ሆኖ ተቀምጧል። ግን ማዘን እንኳ በወጉ አላዘንኩም፤ ከሁለት ቀን በኋላ አርብ ነው። ሐጂ ፊት ቀርቤ «የለም፣ አልቋል» ብል ከዱሮውም የባሰ ነው የሚሆነው። ውሸታም ሁሉ ማስረጃው የጠፋበት ነው። ስለዚህ አጥማጁ ያለውን ለማንም እንዳይናገር ሾፌሩን አስማልኩትና ፕላስቲኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቀጥሎ የሠራሁት የሚያኮራ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ጥሩ ነበር። ባትሪውን አወጣሁና ቀዳዳውን በሙጫ ደፈንኩት። የቁልፍ ቀለበቱን ቆረጥኩ። ሆዱ ላይ የተሠራበትን አገር የሚናገረውን ጽሑፍ በምላጭ ፋቅኩት። ሰማያዊው ቀለም የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቅ አሴቶን ለቀቀ፤ ከዚያ በጨውና በሻይ ቅጠል ቀቅዬ፣ አመድ ውስጥ አንከባልዬ ቆርቆሮ ላይ አደረቅኩት። ደሴ ይዤው ስወጣ ያረጀ፣ የተጨማደደ፣ የሚያሳዝን ነገር ሆኗል። እናቴ ተቀብላ አገላበጠችና አሸተተችው።

«ሻይ ነው የሚሸት» አለች። «የባሕር ነገር ዓሣ ካልሸተተ ማን ያምናል?» ሱቅ ልካ ሰርዲን አስገዛችና ጣሳው ውስጥ ከትታ ዘግታ አሳደረችው። አርባ ዓመት የቀለደችበትን ሰው ለማዳን የምታደርገው ነበርና እንቢ ማለት አልቻልኩም። ለአባቴ አልነገርናቸውም። ሲያዩት ይደሰታሉ ብለን ነው።

አርብ ደረሰ። በረንዳው ሞላ፤ ወሬው ስለተሰማ ቆመው የሚያዩም ነበሩ። አባቴ ጋቢውን አልለበሱም፣ ግን አጣጥፈው ከጎናቸው አስቀምጠውታል። በነጭ መሀረብ የጠቀለልኩትን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ሐጂ ፈቱት፣ መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ባሕር ባሕር ይሸታል።»

ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ጅራቱን አየለት፣ አንዱ ራሱን። ያ በእጃችን እንያዘው ያለው ሽማግሌ «አላህ የማይፈጥረው የለ!» አለ። ሐጂ ከአባቴ ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው «ወንድሜ፣ እንግዲህ ምን እንላለን...» ብለው ጀመሩ። እናቴ በበሩ መጋረጃ በኩል ታየኛለች። አልቋል፣ አሸንፈናል።

በዚህ መሐል ዙሩ አባቴ ጋ ደረሰ። መነጽራቸውን አወጡ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረጉ፣ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ሌባ ጣታቸውን ጅራቱ ሥር አስገቡና ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ያን ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ባዩኝ አስተያየት።

«ይሄ አይደለም» አሉ።

ሐጂ እጃቸውን ከአባቴ ትከሻ ላይ አነሱ።

«ያ ሲይዝ ያውቅ ነበር። ሆዱም ለስላሳ ነው። ይሄ ፕላስቲክ ነው፣ ሽታውም ሰርዲን ነው።» አስቀምጠውት ሻያቸውን አነሱ።

አዎ ቢሉ ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቁት ነገር በእጃቸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ ተናገርኩ፤ ፕላስቲኩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ ሳይንስ አያውቀውም ያልኩትም ሳላውቅ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ስህተቴን ማመን ስለከበደኝ ነው ሳይንስ ይሻሻላል ያልኩት፣ አባቴ አንድም ቀን አልዋሹም። እናቴን አልከሰስኳትም፤ እሷ ግን በመጋረጃው ውስጥ ሆና «ሰርዲኑ የእኔ ነው» አለች።

የሳቀ አልነበረም። ሐጂ ፕላስቲኩን አንስተው እንደገና አገላበጡት፤ ባሕር ባሕር ይሸታል ያሉት ነገር ሳይቆጫቸው አልቀረም። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ።

«ይሄ ሰው የገዛ ልጁ እጁ ላይ ያስቀመጠችለትን ውሸት አልቀበልም አለ። እኛ እኮ ተቀብለነው ነበር። ለእኔ ልጅ ብሎ ይዋሻል?» ወደ አባቴ ዞሩ። «እሑድ በጠዋት ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ጋቢህን ልበስ።»

አባቴ ጋቢውን አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስታም፣ ሐፍረትም፣ ሰርዲንም ነበረበት።

እሑድ ረፋዱ ላይ የሙሽራይቱ ቤት ጨርሰው አባቴ ለምሳ እኔ ጋ መጡ። ሐጂና ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ ደሴ ተመልሰዋል። ኮምቦልቻ ያን ቀን ያቃጥል ነበር፣ አባቴ ግን ጋቢውን እስከ ደጃፌ ድረስ ሰው እንዲያየው ለብሰውት ነው የመጡት። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠኋቸው፣ ወጥ አቀረብኩ፣ እሳቸው ግን መብላቱን ትተው ያወራሉ። ቤተሰቡ ተመካክረን እንነግራችኋለን ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ይህ በእኛ አገር እሺ ማለት ነው። ስለ ልጁ ጨዋነት የተናገሩት አባቴ ናቸው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የልጅቷ አያት «አንተ ነህ አሉ ፈረሱን ያየኸው» ብለው ጠየቁ፤ ሐጂ ፈጥነው «እውነት ነው፣ አይቷል» ብለው መለሱላቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ ከቦ ሰማ። ጣታቸውን እንዴት እንደያዘ እንኳ ነገሯቸው። እንዲህ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም።

«አሁን አንድ ነገር ነው የቀረኝ» አሉኝ። «ያ ያስተማርኩት ልጅ ጅቡቲ ሲወርድ ይውሰደኝ። ፓስፖርት አንቺ ታወጪልኛለሽ። አንዴ አይቼው ልመለስ። ኢንሻአላህ ጣቴን ካስያዝኩት ይበቃኛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሬ አልፈው ነበር። አርብ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካዋረድኳቸው በኋላ ግን ምላሴ እንቢ አለኝ። አጥማጁ ያለውን ነገርኳቸው፤ ሣሩን፣ ውኃውን፣ ልጆቹ ትዋሻለህ የሚሉትንም።

«የሉም ነው የምትይኝ?»

«ጨርሰው አልጠፉም አባዬ። ሌላ ቦታ ይኖራሉ። እዚያ ግን ሰውየው ካየ ዓመታት አልፈዋል።»

«ባሕር ያህል ነገር እንዴት ይሞቃል?»

ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው አስረዳኋቸው። የሚቃጠለው ነዳጅ ጭስ ሰማዩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ባሕሩም ይጠጣዋል። እየተናገርኩ ሳለ ለማን እንደምናገር ትዝ አለኝ፣ ግን አፌ ቀድሞኝ ነበር።

«የምን ነዳጅ?» አሉ።

«የሁሉም። ቤንዚንም፣ ናፍጣም።»

የያዙትን ጉርሻ ሳሕኑ ላይ መለሱት። «የአባዬ ቦቴ በባሕር ላይ እንደ ጠብታ ነው፣ የዓለም ሁሉ ነው» እያልኩ ተንተባተብኩ። አልሰሙኝም። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ይሆን የሚያስቡት፣ አላውቅም። «መኪና ሲግል ዳር ይዘሽ ውኃ ትጨምሪበታለሽ» አሉ። «ውኃው ራሱ ሲግል ምን ይጨመርበታል?»

አስተማሪ ነኝ፤ ነገ እነግርዎታለሁ ማለት እንኳ አልቻልኩም።

እጃቸውን ታጠቡ። ከወንበሩ ላይ ጋቢውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ጀመር።

«ዛሬ ያ ሁሉ ሰው አመነኝ» አሉ። «ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ እዚያ ይኑርልኝ እንጂ እኔ እስክሞት ውሸታም ብባል ምን ነበረበት?»